አሥር ወር ከምድጃ ዕቃ ማንጠልጠያዬ ጋር

ባለፈው ጥቅምት አንድ በያጅ ጋ ሄጄ የምድጃ ዕቃ ማንጠልጠያ፣ ማለትም መቆንጠጫ፣ መቆስቆሻና አመድ መዛቂያ የሚሰቀልበት ማቆሚያ አሠራሁ። አሁን ነሐሴ ነው። አሥር ወር ሙሉ በየማታው ተጠቅሜበታለሁ። ደግ ደጉንም ጉድለቱንም ልንገራችሁ።

ጅማን የማያውቅ ሰው «እዚያ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፣ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። ስለዚህ ማታ ማታ «ላቀች» የምትባለውን ባለ ሸክላ የከሰል ምድጃችንን በረንዳ ላይ እናቀጣጥላለን። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ሳሎን እናስገባታለን። ቡናውም በሷው ይፈላል።

ምድጃዋ ምንም አልበደለችንም። ያስቸገሩን ዕቃዎቿ ናቸው። መቆንጠጫው አንዴ ወንበር ሥር ነው፣ አንዴ ረከቦቱ ላይ። መቆስቆሻው ሲፈለግ አይገኝም። አመድ መዛቂያው ጓዳ፣ ማራገቢያው በረንዳ። አንድ ማታ እናቴ ፍሙን አስተካክላ መቆንጠጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። የአራት ዓመቷ ልጄ ሮጣ አነሳችው። በእጀታው በኩል ስለያዘችው ተረፈች። ጫፉን ብትይዝ ኖሮ ትንሿ መዳፏ እዚያው ይቀር ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ በያጁ ጋ ሄድኩ።

«እህቴ፣ እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም፤ ሥዕሉን ካሳየሽኝ ግን አያቅተኝም» አለኝ። ደብተር ላይ ሣልኩለት። ምሰሶው 70 ሴንቲ ሜትር ቱቦላሬ ነው። አናቱ ላይ ከፌሮ የተጠመዘዙ አራት መንጠቆዎች አሉት። መቀመጫው 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ነው። መቆንጠጫ፣ መቆስቆሻና አመድ መዛቂያ አብሮ ሠራልኝ። አራተኛው መንጠቆ የመጥረጊያ ነው። ከነዕቃዎቹ 2,200 ብር ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ወር ደስታ ብቻ ነበር። እጄን ስዘረጋ የምፈልገው አለ። እናቴም ለመደችው።

ሁለተኛው ወር ላይ ጉዱ ወጣ። መቆንጠጫውና መቆስቆሻው ከባድ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ በኩል ተሰቅለዋል። መዛቂያውን ሳነሳው ማንጠልጠያው እንዳለ ወደ ምድጃዋ ዘመም አለ። በጉልበቴ ደገፍኩት። መቀመጫው ቀሎ ነው ለካ! ለጊዜው ድንጋይ ጫንኩበት፤ በኋላ በያጁ ጋ መልሼ ወሰድኩትና 40 በ40 የሆነ ወፍራም ብረት ከሥሩ በየደበት። በዚያ ጉዞ በጠቅላላ ሌላ 400 ብር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። የምታሠሩ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ንገሩ። ከባዶቹን ዕቃዎችም ፊትና ኋላ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ጎን ለጎን አይሁኑ።

ትልቁ ጉድለት ግን ይህ አልነበረም። ስሥለው ያላሰብኩት ነገር አለ። ዕቃዎቹ ሲሰቀሉ እጀታቸው ላይ ነው፣ የጋለው ጫፋቸው ታች። ታች ደግሞ የልጅ እጅ የሚደርስበት ነው። እኔ ብረቱን ከወለል አነሳሁ ብዬ ልጄ ፊት ሰቀልኩት ማለት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አብሬ ያስተካከልኩት እሱን ነው። ከላሜራ የተጠቀለለ፣ ከላይ ክፍት የሆነ፣ ከሥር እስከ ግማሽ የሚደርስ ከለላ አሠራሁለት። የመቆንጠጫውም የመቆስቆሻውም ጫፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። ላሜራው ራሱ እንዳይግል ከጫፎቹ አራት ጣት ያህል ራቅ ማለት አለበት። እንዲያም ሆኖ ማንጠልጠያውን ከምድጃዋ ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ ነው የማቆመው። ልጄም «እማዬ፣ የእሳት ቤት» ትለዋለች፣ አትጠጋውም።

ቀለሙ ሌላ ራስ ምታት ነበር። በያጁ ዕቃዎቹን እስከ ጫፋቸው ጥቁር ዘይት ቀለም ቀባቸው። ፍም ሲነካቸው ቀለሙ እየተቃጠለ ቤቱ ሸተተ። ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አስለቀቅኩት። ቀለም ለምሰሶውና ለእጀታው ይበቃል። መጥረጊያውም ፕላስቲክ ነበር፤ አንድ የፍም ስባሪ ጠርጌበት ጫፉ ቀለጠ። አሁን የሣር መጥረጊያ ነው የሰቀልኩት። እሱንም ቢሆን ፍሙ ሳይጠፋ አላስጠጋውም።

ሰኔ ሲገባ መዛቂያው ዛገ። አመድ እርጥበት ይስባል፣ ብረት ላይ ካደረ ይበላዋል። አሁን ማታ ማታ አራግፌ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። በሳምንት አንዴ ዘይት በነካ ጨርቅ አሻሸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አልባሰበትም።

ስለ አመዱም ላንሳ። በፊት በፕላስቲክ ባልዲ ነበር የማወጣው። አንድ ጠዋት ባልዲው ሥሩ ቀልጦ አገኘሁት። ማታ በርዷል ብዬ የዛቅኩት አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ነበረ። አመድ የሸፈነው ፍም ብዙ አየር ስለማያገኝ ቀስ ብሎ ይነዳል እንጂ ቶሎ አይጠፋም፣ ከአንድ ቀን በላይም ሊቆይ ይችላል። አሁን ክዳን ያለው የቀለም ቆርቆሮ አለኝ። ከማንጠልጠያው ሥር ሳይሆን ውጭ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ሦስት ቀን አሳድሬ ጎመኑ ሥር እበትነዋለሁ፣ ቀሪው ለድስት መፈግፈጊያ ይሆናል።

ከሰሉን ከነማዳበሪያው መሬት ላይ አስቀምጠው ነበር። ክረምት ላይ ከሥር ይረጥባል። የረጠበ ከሰል አልያያዝ ይላል፣ ይንጣጣል፣ ያጨሳል። ሁለት ጣውላ ከሥሩ አነጠፍኩለት፣ ተገላገልኩ። ክብሪቱ በጠርሙስ ውስጥ ነው።

መቆስቆሻው ከባድ ከሆነ የላቀችን ሸክላ ይሰብራል። የኔው ወፍራም ፌሮ ስለነበር አንድ ጎኗን ሰነጠቀብኝ። ቀጭኑ ይሻላል። የጋለች ምድጃ ላይ ውኃ መድፋትም እንዲሁ ሸክላዋን ይሰነጥቃል።

ከአንድ ነገር ግን ማንጠልጠያም ከለላም አያድንም። ጭስ የሌለው ፍም መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። መስኮት ሳንከፍት አንቀመጥም። ከመተኛታችን በፊት ምድጃዋ በረንዳ ትወጣለች፣ ዕቃዎቿም አብረዋት።

ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለመቀመጫውና ለከለላው ነው። በ2,600 ብር የልጄ እጅ ድኗል፣ ብሩ አልቆጨኝም።

በዚህ ሳምንት ለእናቴ ቤት ሌላ አዝዣለሁ። የሷ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሷ ፍም የምታስተካክለው ከባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ሳትነሳ ነው፣ መንጠቆው እዚያው እጇ ጋ መሆን አለበት።