ሱፐርኮንዳክተር ኪቱን ኮምቦልቻ ላይ ሞከርነው

ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣውን የሱፐርኮንዳክተር ኪት ነው ሪቪው የማደርግላችሁ (ሱፐርኮንዳክተር ማለት በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ነገር ነው)። ውስጡ አንዲት ጥቁር ክብ ሴራሚክ (ሱፐርኮንዳክተሩ እሷ ናት)፣ ማግኔቶች፣ መቆንጠጫና የፎም ሳህን አለ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ራስህ ፈልግ ነው ነገሩ። እኔ ደሞ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ከየት አባቴ ላምጣ ስል ላም የሚያዳቅል ጓደኛዬ "እኛ ዘሩን የምናስቀምጠው በሱ አይደል እንዴ" ብሎ በቴርሞስ አመጣልኝ (አደራ ክዳኑን አትዝጉት፣ ይፈነዳል)።

ሴራሚኩን ማግኔቱ ላይ ከፍ አርገን አስቀምጠን ናይትሮጅኑን አፈሰስንበት፣ ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ናይትሮጅኑ ራሱ ከዜሮ በታች 196 ስለሆነ ይበቃል። መደገፊያውን ሳወጣው አየር ላይ ቀረ! ገልብጬ ማግኔቱን ከላይ ሳደርገውም ከስሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዱ ተማሪዬ "ቲቸር ወላሂ ክር አለው" ብሎ መሀሉን በወረቀት ፈተሸ፣ የለም አልኩት፣ ማታ ሳስበው ግን ልጁ ልክ ነው።

ማንዋሉ "ሱፐርኮንዳክተር ማግኔትን ይገፋል" ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ይሄ በጣም አናዶኛል፣ መግፋት ብቻ ቢሆንማ ከስር እንዴት ይንጠለጠላል? እውነቱ ማግኔቲክ ፍላክሱ (የማግኔቱ መስመሮች በሉት) በቀጫጭን ክሮች ሴራሚኩ ውስጥ ይገባና እንከን ያለበት ቦታ ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ሴራሚኩ ካለበት የማይለቀውም ለዛ ነው፣ ተማሪዬ ያለው ክር ይሄ ነው፣ እያንዳንዱ ክር የሚይዘው ፍላክስ ደሞ እኩል ነው፣ 2.07 ሲባዛ በ10 ፓወር ኔጌቲቭ 15 ዌበር (የፍላክስ መለኪያ ነው)፣ ግማሽ ክር ሩብ ክር የሚባል የለም። የማግኔቱ ፊልድ (ጥንካሬው) 0.1 ቴስላ ከሆነ በ1 ስኩዌር ሚሊሜትር ወደ 48 ሚሊዮን ክር ማለት ነው፣ አስቡት! በፈረንጆቹ 1961 ዲቨርና ፌርባንክ የሚባሉ ፊዚሲስቶች አሜሪካ ውስጥ፣ ዶልና ናባወር ደሞ ጀርመን ውስጥ የአንዱን ክር ፍላክስ ለየብቻ ሲለኩት ፊዚሲስቱ ፍሪትዝ ለንደን ቀድሞ ከገመተው ግማሹ ሆኖ ተገኘ፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። እንደዚህ አይነቱን ነገር ነው ማንዋሉ የዘለለው።

ሌላው መቆንጠጫው በቅዝቃዜው ወዲያው ተሰነጠቀ፣ የእንጨት ተጠቀሙ። ሴራሚኩም ሲሞቅ ውርጭ ይዞት ይረጥባል፣ እርጥበት ደሞ ያበላሸዋል፣ በደንብ አድርቃችሁ አስቀምጡት። የኛ እስካሁን ይሰራል፣ ደሴ ያላችሁ አስተማሪዎች ናይትሮጅን ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ ይዤው እወጣለሁ።