ከጁገል (በግንብ ከታጠረው አሮጌው ሐረር) የሳር ስፌት በብዛት ለምታዙ፦ የኔ ትዝብት ከነዋጋው

እሺ፣ ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን አራት ሰው "ስፌቱን ከየት ነው የምታመጪው፣ እኔም ውጪ ላለ ሰው ልልክ አስቤ ነበር" ብሎ ስለጠየቀኝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ። እኔ ድሬ ነው የምኖረው፣ ሳቢያን። የአክስቴ ልጅ ስዊድን ትንሽዬ የቤት ዕቃ ሱቅ አላት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሐረር ስፌት ደንበኞቿ አይተው ወደውት 36 ፍሬ እንድልክላት ጠየቀችኝ። ሐረር ደግሞ አፍንጫዬ ስር ናት፣ 50 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ደንገጎን ወጥተሽ አወዳይን ካለፍሽ ደረስሽ ማለት ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኩ። ከበደ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ድሬ "ለውጭ ገዢ ዕቃ እናቀርባለን" የሚል ሰው ጋ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቴሌግራም ላይ የላከልኝ ፎቶ ያምራል፣ ዋጋው ጁገል ውስጥ ካለው በሲሶ ይቀንሳል፣ እዛው ላይ መንቃት ነበረብኝ ግን ርካሽ ነገር ሲያዩ ጭንቅላት ይዘጋል መሰለኝ። 70 ፐርሰንት ቀብድ አለ፣ ላኩለት። መጀመሪያ ሳምፕል አሳየኝ ስለው "ፎቶውን አየሽ አይደል እንዴ" አለኝ። ዕቃው አምስት ሳምንት ዘግይቶ መጣ፣ 36 ያልኩት 31 ሆኖ፣ ግማሹ ደግሞ በአለላ (ቀለም በተነከረው ሳር) ፋንታ ከማዳበሪያ ጆንያ በተፈታ ላስቲክ ክር የተሰፋ ነው፣ ከሩቅ ያብረቀርቃል ሲነኩት ይንሸራተታል። ፎቶ ላይ በጭራሽ አይለይም። ቀዩን በእርጥብ ነጭ ሶፍት ጠረግ ሳደርገው ሶፍቱ ዶሮ የታረደበት መሰለ። ይሄን ነጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው አስቡት። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ግማሽ ብሬን መለሰልኝ፣ ስፌቶቹን እዚሁ በርካሽ አጣራኋቸው፣ ለአክስቴ ልጅ ግን አንድም አላኩም።

ከዛ ራሴ ወጣሁ። ጓደኛዬ የሐረር ልጅ ናት፣ ፈረስ መጋላ ተገናኝተን በዛ በጠባቡ መንገድ እየመራች ጁገል ውስጥ አንድ ግቢ አስገባችኝ። የድሮው የሐረር ቤት ነው፣ ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፣ አንዳንዱ ከቤቱ ባለቤት እናት ጊዜ የቀረ። ባለቤቷን ሁላችንም ሀጂያ ነው የምንላት። ራሷን ጨምሮ ስምንት ሴቶች አብረው ይሰፋሉ፣ ዘመድም ጎረቤትም ናቸው፣ ድሮ ሴቶች ተሰብስበው የሚሰፉበትን ቤት ሞይ ጋር ይሉት ነበር፣ የሥራ ቤት እንደማለት፣ የነሱም ነገር እንደዛው ነው ብላኛለች ጓደኛዬ። (አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ አትደንግጡ፣ እኔ 60 ያለፋትን ሴትዮ አንቺ እያልኩ ነው የማወራት፣ ድሬና ሐረር አንቱታ ብዙም አይሄድም፣ አንቱ ብላት የተኳረፍን ይመስላታል።)

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ የሄደው በመጠን ነው። እኔ ከስዊድን የመጣልኝን ወረቀት ይዤ "ትንሹ 25 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 35፣ ትልቁ 45" እላለሁ። ሀጂያ ዝም ብላ ሰማችኝና "ሴንቲ ሜትር እኔ ቤት የለም፣ ልኩን አምጪልኝ" አለች። ምን ላምጣ? "ሳህን በይው፣ ክዳን በይው፣ የፈለግሽውን፣ እጃችን ላይ የሚገጥም ነገር።" በሳምንቱ ከቤት ሦስት የድስት ክዳን ይዤ ሄድኩ፣ እናቴ ለሦስት ወር ድስቷን በትሪ ስትከድን ነበር።

መጠን ለምን እንደሚያስቸግር የገባኝ ቁጭ ብዬ ሲሰፉ ሳይ ነው። ስፌት ከመሃል ይጀመራል፣ የሳር ጭብጥ ይያዝና በላዩ ቀለም የተነከረው አለላ እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተወጋ፣ ካለፈው ዙር ጋር እየተያያዘ ዙር በዙር ይሰፋል። ጥለቱን በዙር ነው የሚቆጥሩት። አንዷ ጭብጧን ቀጠን አድርጋ ጥብቅ አድርጋ የምትሰፋ ከሆነችና ሌላዋ ትንሽ ወፈር ካደረገች፣ ሁለቱም ያንኑ ጥለት በእኩል ዙር ጨርሰው አንዱ ከአንዱ አራት ጣት ይበልጣል። ማናቸውም አልተሳሳቱም። ስለዚህ አንድ መጠን ለስምንት ሴት አታከፋፍሉ። እኔ በኋላ ሀጂያን ለምኜ ትልቁን ለሦስቱ ብቻ፣ ትንሹን ለሁለቱ፣ የቀረውን ለሌሎቹ አደረግን፣ ከዛ በኋላ የመጡት በጣም ተቀራራቢ ናቸው። ፊት ይሄን ባውቅ ኖሮ አራቱ የስፌት ሳህኖች መጠናቸው አይበላሽብኝም ነበር። (ተበላሹ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሀጂያ "ግድግዳ ላይ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ካለ ችግሩ የሱ ነው" ብላ አልቀየረችልኝም።)

ሳምፕል ከየመጠኑ አንድ አንድ ከፍዬ አሰራሁ፣ ነፃ ሳምፕል አትጠይቁ፣ ነውር ነው፣ የሰው ሁለት ሳምንት ነው። በሶፍት ሞከርኩት፣ ቀዩና ብርቱካኑ አልለቀቁም፣ ወይን ጠጁ ግን ትንሽ ለቀቀ፣ ነገርኳት፣ ሌላ ጊዜ ነክራ አመጣች። ቀለሙ ከገበያ የሚገዛ የዱቄት ቀለም ነው፣ የድሮው የዕፅዋት ቀለም ነው የሚላችሁ ሻጭ ካለ ሶፍታችሁን አውጡ።

ዋጋ። ትንሹ 1,400፣ መካከለኛው 2,300፣ ትልቁ 3,800፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ፍሬ ሲሆን ድምሩ 90,000 ብር። ለመከራከር ሞክሬያለሁ፣ አምስት ሳንቲም አልቀነሰችም፣ ስወጣ ግን አንድ ሙዳይ ምርቃት ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ያቺ ሙዳይ ብቻዋን ስንት እንደምትሸጥ ሳስበው አፈርኩ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ "ባለፈው ከዚህ ያነሰ ነበር'ኮ" ብላ ነበር፣ የሷ ባለፈው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው፣ ያኔ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ፣ ከውጭ የሚመጣው ቀለምም አብሮት ወጣ፣ ዘይቱም ስኳሩም ወጣ፣ ሰፊዋ ደግሞ ሳር አትበላም። በክሮና ስታሰላው ለሷ የባሰ አልተወደደባትም፣ እሱን ራሷ ቆጥራ ዝም አለች። ከስፌት ሰዎች የተቀበላችሁትን ዋጋ ግን ስድስት ወር አቆይታችሁ "ያኔ ያልሽኝ" አትበሉ።

አከፋፈሉን ከበፊተኛው ሰውዬ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው ያሰብኩበት። 36,000 ቀብድ፣ ግማሹን ዕቃ በዓይኔ ሳይ 27,000፣ ሲያልቅ 27,000። ሀጂያ ደስ አላላትም መጀመሪያ፣ "አታምኚኝም?" አለች፣ እኔም ብሩ የኔ ሳይሆን የሰው መሆኑን ነገርኳት፣ ተወችው። ቴሌብር የምትቀበለው በልጇ ስልክ ነው። መሃል ላይ ያለችው ክፍያ ደግሞ በጣም ጠቅማቸዋለች፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ሴቶች ሙሉው እስኪያልቅ መጠበቅ ስለማይችሉ በመሃል ትንሽ ትንሿን ለሌላ ሰው እየሰፉ ያንቺን ያቆዩታል፣ ይሄን የነገረችኝ ልጅቷ ናት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጊዜ። ጥቅምት ላይ ነው ያዘዝኩት፣ ጥር መጨረሻ አለች፣ የካቲት 11 ነው የጨረሰችው። ሂሳቡን ስሠራው አሥራ አንድ ቀን ብዙ አይደለም፣ ስምንት ሴት፣ ለእያንዳንዷ አራት አምስት ሳህን፣ ትንሹም ትልቁም ሲቻቻል አንዱ ሁለት ሳምንት፣ ከቤት ሥራና ከልጅ ጋር፣ መሃል ላይ አንድ ለቅሶና አንድ ሠርግ ገብቷል። የሚያናድደው መዘግየቱ ሳይሆን አለመንገሯ ነው። ስደውል "ደርሷል፣ ደርሷል" ትላለች፣ ሐረር ወጥቼ ሳይ አምስቱ ገና መሃላቸው ላይ ናቸው፣ ሁለቴ በከንቱ ተመላልሻለሁ። ከዛ በኋላ ዘዴው ገባኝ፣ "ደርሷል ወይ" ብዬ አልጠይቅም፣ ልጅቷን በቴሌግራም ፎቶ ላኪልኝ ነው የምለው፣ ፎቶ አይዋሽም (ሰውዬው ጋ ዋሽቷል፣ ግን ያ ሌላ ነው)።

ሰዓቱንም ካላወቃችሁ ትለፋላችሁ። ከምሳ በኋላ በርጫ (የጫት ሰዓት) ነው፣ ለሥራ ጉዳይ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሐረር የገባ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እኔ ከድሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምነሳው። ረመዳን ላይ የሚሰፋ እጅ ይቀንሳል፣ ከኢዱ በኋላ ደግሞ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያልቅ ሸዋል ኢድ አለ፣ ያ ዩኔስኮ በኅዳር 2016 የመዘገበው፣ ያኔ ከውጭ የሚመጣው የሐረር ልጅ ከተማውን ይሞላዋል፣ ያለቀ ስፌት ሁሉ በእጥፍ ይሸጣል፣ የናንተ ትዕዛዝ ያኔ መሃል ላይ ከወደቀ አላህ ያጽናችሁ። ጥሩው ክረምት ሲወጣ ነው፣ ሳሩም የሚታጨደው ያኔ ነው።

ጥራት ላይ ግን ምንም አልልም። ከ36ቱ 29 እንከን አልነበራቸውም። አራቱ የመጠን ነገር ከላይ ያልኩት ነው። ሦስቱ ላይ ደግሞ ወይን ጠጁ አልቆባቸው የመጨረሻውን ዙር በጥቁር ዘግተውታል፣ "ላንቺ ስህተት ነው፣ ለኛ አለላ አልቆ ነው" አለችኝ ሀጂያ እየሳቀች፣ እነሱን ግን ያለ ክፍያ ቀየረችልኝ። እውነት ለመናገር በጥቁር የተዘጋው ለኔ ያምር ነበር፣ አንዱን ራሴ ገዝቼ ሳሎኔ ሰቅዬዋለሁ።

ለመላክ የምትፈልጉ ይሄን አንብቡ፣ እኔ ብዙ ብር ልከስርበት ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ስፌት ቀላል ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ትላልቆቹ ኩሪየሮች ክብደት ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ የካርቶኑን ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉታል፣ ከሚዛኑ ከበለጠ በሱ ነው የምትከፍሉት። እኔ መጀመሪያ እያንዳንዱን ሳህን ለብቻ ጠቅልዬ 60 በ60 በ50 ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ ሚዛን ላይ 11 ኪሎ ነው፣ በነሱ ሂሳብ ግን 36 ኪሎ መጣ። የኩሪየሩ ልጅ ቁጥሩን ሲነግረኝ ሳቅኩ፣ የሚቀልድ መስሎኝ። ወደ ቤት መለስኩትና ትንሹን መካከለኛው ውስጥ፣ እሱን ትልቁ ውስጥ እየከተትኩ፣ መሃላቸው ጋዜጣ እያደረግኩ ደረደርኩት፣ 50 በ50 በ40 ገባ፣ 20 ኪሎ። ስለዚህ ገና ስታዙ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ መጠን ምረጡ፣ ያን ሐማት ሞት የሚሉትን ረጅም ሾጣጣ ክዳን ያለውን ደግሞ ለመላክ አታስቡት፣ ከማንም በላይ ያምራል፣ ግን የምትልኩት አየር ነው። ፌስታልም አታልብሱት፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ሲሰፋ አለላው እየራሰ ስለሆነ ውስጡ እርጥበት ይቀራል፣ እኔ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ንፋስ ላይ ዘርግቼ ነው ያሸግኩት፣ የድሬ ሙቀት ለዚህ እንኳን ይጥቀመን አቦ፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት ቀለሙ ይገረጣል።

ደርሶላታል፣ ካርቶኑን ስትከፍተው ዕጣን ዕጣን ሸተተ አለችኝ። አሁን 60 ትፈልጋለች።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለሥራው ከ10 9፣ ለመጠን 7 (ክዳን ይዛችሁ ከሄዳችሁ 8)፣ ለቀጠሮ 5፣ ለዋጋ ምንም አልሰጥም ምክንያቱም ትልቁን ሳህን ስትሰፋ ያየሁ ሰው 3,800 ተወደደ ለማለት አፌ አይከፈትም።

አንድ ያልፈታሁት ደረሰኝ ነው። ሀጂያ ደረሰኝ የላትም፣ የአክስቴ ልጅ የሒሳብ ሰው ደግሞ ያለ ወረቀት አልመዘግብም ብሏታል፣ ለጊዜው ልጅቷ ከደብተር ቀዳ "ሳህን ትልቅ 12፣ መካከለኛ 12፣ ትንሽ 12፣ ሙዳይ 1 ምርቃት" ብላ ጽፋ እናቷን አስፈርማ ሰጥታኛለች፣ እሱን ስካን አድርጌ ልኬዋለሁ፣ ሰውዬው "ምርቃት" ምን ዓይነት ቅናሽ ነው ብሎ እስካሁን እየጠየቀ ነው።