ከሶማሌ ተራ የገዛሁት የቤንዚን ትነት ቱቦ፦ አዳማ ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከታንኩ የሚነሳውን የቤንዚን ትነት የሚያስተላልፈው ቱቦ አሪፍ ነው፤ አብሮት የተሸጠልኝ ፋሸታ (ቱቦውን ጫፉ ላይ አጥብቆ የሚይዘው የብረት ማሰሪያ) ግን አይረባም። ለሚቸኩል ሰው ፍርዴ ይኼው ነው። እንደኔ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ አዳማ ሙቀት ውስጥ የምታሽከረክሩ ግን ቀጥሉ።

ዕቃው ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መሀሉ በክር የተጠናከረ ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። ጎኑ ላይ ኤስኤኢ ጄ30አር7 የሚል ጽሑፍ አለው። ሲገዙ መታየት ያለባት ይቺ ጽሑፍ ናት፤ ቱቦው ዝቅተኛ ግፊት ላለው ቤንዚን፣ ለናፍጣና ለትነት መስመር ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ነው። ቤንዚኑን ለሞተሩ ወደሚረጨው ኢንጀክተር ለሚሄደው ባለ ከፍተኛ ግፊት መስመር ግን አይሆንም፤ እዚያ ቀልድ የለም። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ "ጋሼ፣ ይኼኛው በግማሽ ዋጋ አለ፣ ያው ቱቦ ነው" ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ የውሃ ቱቦ አወጣልኝ። ያው አይደለም። የውሃ ቱቦ ቤንዚንና ሙቀት ሲፈራረቁበት ደርቆ ይሰነጠቃል። ቀይና ሰማያዊ ሆኖ የሚያምረው የሲሊኮን ቱቦም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በቤንዚን ያብጣል፣ ትነቱንም ያሳልፋል።

ነገሩ የጀመረው በቤንዚን ሽታ ነው። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትውል ከኋላዋ ቤንዚን ይሸታል፣ መሬቱ ላይ ግን ጠብታ የለም። ታንኩን ሞልቼ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ስወጣ ይብሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ለመክፈል ቆም ስል ሽታው ውስጥ ድረስ ይገባል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ሽቅብ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የሞቀ ቤንዚን ይበልጥ ይተናል። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ያ ትነት ከታንኩ ተነስቶ ካኒስተር ወደሚባለው፣ ከሰል ወደታጨቀበት ዕቃ ይሄዳል። ከሰሉ ይዞ ያቆየዋል፤ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ስቦ ያቃጥለዋል። ከታንክ እስከ ካኒስተር ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ከተቀደደ የሚገኘው ሽታ ነው። ከካኒስተር እስከ ሞተር ባለው ላይ ከሆነ ደግሞ ያልተለካ አየር ስለሚገባ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል። የኔ ሚኒሞ ረጋ ያለ ስለነበር ፍለጋዬን ከኋላ ጀመርኩ።

አንድ መካኒክ "ቼክ ኢንጂን የሚለው መብራት ካልበራ ምን አስጨነቀህ?" ብሎኝ ነበር። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቀረብ ያሉ መኪኖች የትነት መስመራቸውን ራሳቸው እየፈተሹ ፒ0442 ወይም ፒ0455 የሚል ኮድ ያወጣሉ፤ የመጀመሪያው ለትንሽ፣ ሁለተኛው ለትልቅ ፍሳሽ ነው። የኔ ዓይነቷ ኮሮላ ግን ይህ ፍተሻ የላትም። ከአፍንጫ ሌላ መሣሪያ የለም።

የተበላሸው ከታንኩ አጠገብ ከብረቱ መስመር ጋር የሚያገናኘው አጭር ጎማ ነበር። ቀጥ ብሎ ሲታይ ምንም አይልም። ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ፋሸታው ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ ጀምሮ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። ለማረጋገጥ አወለቅኩት፣ አንዱን ጫፍ በብሎን ደፈንኩና እንደ ብስክሌት ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ በእጅ ፓምፕ ቀስ ብዬ ነፋሁት። አረፋው በሦስት ቦታ ተግተልትሎ ወጣ። ይኼን የማደርገው ለተፈታ ቱቦ ብቻ ነው። መስመሩ ሳይፈታ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ታንኩንም ካኒስተሩንም ማበላሸት ነው፤ ይህ ሥርዓት የሚችለው ግፊት ከጎማ አየር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፣ አደገኛ ግን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ እናንተ ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ ሳለ ግቢው ጥግ ላይ ቡና የተጣደበት ከሰል ካለ በቂ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል፣ ታንኩ ሩብ ያህል ሲሆን ይሠራል። የታንኩን ክዳን አስቀድሞ ከፍቶ ማስተንፈስ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር አልገባም፤ ማንም አይግባ። የብረቱ ቱቦ ጫፍ ዝጎ ስለነበር በእጄ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ዝገት ላይ የተሰካ አዲስ ጎማ እንደማያጥብቅ ስለማውቅ አብዛኛው ጊዜዬ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ቱቦውን መቁረጥና መሰካት የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር።

አሁን የወራቱ ነገር። ሁለት ቦታ ነው የቀየርኩት፤ አንዱ ከኋላ፣ ሌላው ኮፈኑ ሥር ካኒስተሩ ጋ። የኋላው ዛሬም በጣት ሲጨመቅ እንደ አዲስ ይለሰልሳል። አንድም ስንጥቅ የለውም፤ የአዳማ አቧራ ከላዩ ሲጠረግ ጽሑፉ እንኳ አልጠፋም። የፊተኛው ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ትንሽ ጠንከር ብሏል፣ ግን አልተሰነጠቀም። በግንቦት ሙቀት እንኳ ምንም ሽታ አልነበረም፤ ቱሉ ዲምቱ ላይም አሁን የሚሸተኝ ከፊቴ ያለው የሲኖትራክ ጭስ ነው።

ፋሸታውን ግን ጥሉት። በካቻቢቴ የሚጠብቀው፣ ወገቡ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ነው። ጠበቅ ሲል ጎማው በቀዳዳዎቹ በኩል ያብጥና ጠርዙ ይቆርጠዋል። የፊተኛውን ስፈታው የጎማው ላይ ቆዳ ተቦጫጭቆ ነበር፤ ብሎኑም በአንድ ክረምት ዝጓል። ጫፉን ቆርጬ ጥዬ ወገቡ ድፍን፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ ፋሸታ አሰርኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ቱቦውን ገዝቶ በዚህ መቆጠብ ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር ቱቦው አያድንም። ነዳጅ እንደልብ በማይገኝበት ሰሞን ሁላችንም "እስከ አፉ ሙላ" እንላለን፤ መቅጃው ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ ሒሳቡን ሙሉ ለማድረግ የሚጨመረው ቤንዚን በትነት መስመሩ ገብቶ ከሰሉን ያርሰዋል። ካኒስተር የራሰበት ሰው ጥሩ ቱቦ ቢገዛም ይሸተዋል። እኔ ቀጭ ሲል አስቆማለሁ፣ ቀጂው ቢያጉረመርምም።

አሁን በዓይነ ቁራኛ የማየው የታንኩን ክዳን ጎማ ነው። ጠርዙ ላይ ጠፍጠፍ ማለት ጀምሯል፤ በሚቀጥለው የሶማሌ ተራ ጉዞዬ ከክዳኑ ጋር አብሬ እቀይረዋለሁ።