ከ8 ወር በኋላ፦ የአጥንት ስላይዶቼ ዋጋቸውን አውጥተዋል?

ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አዋጥተን ነው የገዛነው። ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርን። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ለስድስት ሰው ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ያገለገለ የተማሪ ማይክሮስኮፕና አንድ ሣጥን የቲሹ ስላይድ (መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ የሰውነት ናሙና) ገዛን። ስለ ሦስቱ የአጥንት ስላይዶች ብቻ ልጻፍ፤ የቀሩትን ብዙም አልነካኋቸውም።

ምርጡ የተሞረደው ነው። ደረቅ አጥንት በመጋዝ ተቆርጦ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ተሞርዶ የተሠራ። በ100 እጥፍ ሲታይ ቀለበት በቀለበት ነው። አንዱ የቀለበት ክምችት ኦስቲዮን ይባላል፤ ስፋቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ የሃቨርስ ቦይ ይባላል፤ የደም ሥርና ነርቭ ማለፊያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1691 እ.ኤ.አ. ስለ አጥንት መጽሐፍ ካሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ከክሎፕተን ሃቨርስ ነው።

በቀለበቶቹ መካከል ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሴሎቹ እነሱ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ሴል የሚባል ነገር የለም! ሴሉ የነበረበት ጉድጓድ ነው፤ አየርና ብናኝ ገብቶበት ነው የጠቆረው። በ400 እጥፍ ከየጉድጓዱ እንደ ሸረሪት እግር የቀጠኑ ቦዮች ሲወጡ ይታያሉ። ሴሎቹ በሕይወት ሳሉ ምግብ የሚቀባበሉት በእነሱ ነበር።

ታዲያ ይህ ስላይድ ወፍራም ነው። ባለ40ውን ሌንስ በትልቁ ማስተካከያ ሳወርደው ቀጭ አለ። ልቤም አብሮ። ደግነቱ የተሰነጠቀው የመሸፈኛው መስታወት ጥግ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማዕድኑ በአሲድ ወጥቶለት፣ በስሱ ተቆርጦ ቀለም የገባ ነው። እዚህ ሴሎቹ ከነኒውክለሳቸው (ከነአስኳላቸው) አሉ። አንዱን አጥንት በላተኛ ሴል፣ ኦስቲዮክላስት፣ ራሱ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ 7 ኒውክለስ ቆጠርኩበት። ቀጫጭኖቹ ቦዮች ግን እዚህ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሣጥን ካቀረቡላችሁ ይቅርባችሁ። በነገራችን ላይ መስኮት አጠገብ ትቼው ሮዙ ቀለም ገርጥቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ።

ሦስተኛው የፅንስ ጣት በቁመቱ ተቆርጦ ነው። አጥንት ከልም አጥንት (እንደ ጆሮ ያለ ተጣጣፊ አካል) እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ጫፉ አካባቢ ጠፍጣፋ ሴሎች መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርበዋል። ወደ መሃል ሲኬድ ያብጣሉ፤ ዙሪያቸው በካልሲየም ይጠነክራል፤ ከዚያ ይሞታሉ። ደም ሥር ይገባና አጥንት ሠሪዎቹ ሴሎች በቅሪቱ ላይ አዲስ አጥንት ይለጥፋሉ። ሰማያዊው የልም አጥንት ቅሪት በሮዝ አጥንት ተጠቅልሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የራስ ቅል ጠፍጣፋ አጥንቶች በዚህ መንገድ አይሠሩም፤ የእነሱ ስላይድ ሣጥኑ ውስጥ አለመኖሩ ቅር ብሎኛል።

ማይክሮስኮፑ ራሱ እሺ ነው። ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋም አያስቆምም። የስላይድ መያዣው ብሎን ግን ላልቷል፤ በፕላስተር ነው የያዝኩት።

ጓደኛዬ አንድ ቀን ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) የጸሐይ መነጽሩን ፈታው። አንዱን መስታወት መብራቱ ላይ፣ ሌላውን ዓይናችን የሚያርፍበት ላይ አድርጎ እስኪጨልም አዞረው። የተሞረደውን ስናስገባ ቀለበቶቹ አንዱ ቦግ፣ አንዱ ድርግም አሉ። በየቀለበቱ የኮላጅን (አጥንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ክሮቹ አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው። መነጽሩ እስካሁን አልተገጠመም።