ቮድካ፣ ኮምጣጤ፣ ፔሌት ወይስ የባክቴሪያ ጠርሙስ? ለኮራል ገንዳችን የቱን እንግዛ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ስገባ ገንዳዬ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ውሃው አጓት መስሏል። ከኋላ ያሉት ኮራሎች ጭራሽ አይታዩም። ታንግ የምትባለው ቢጫዋ ዓሣዬ ትንፋሽ አጥሯት ከውሃው ገጽ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ ለቅሞ የሚያወጣው መሣሪያ፣ አረፋውን ወለሉ ላይ ደፍቶታል። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ የቡና ስኒዋን እንደያዘች ቀረበች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ልጄ፣ ይሄ ውሃ እኮ ቦክቷል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ናይትሬቱ አልወርድ ብሎኝ ናይትሬት እንዲቀንስ በየቀኑ ገንዳው ውስጥ የምጨምረውን የቮድካ መጠን ከሁለት ቀን በፊት እጥፍ አድርጌው ነበር። መስኮት ከፈትኩ፣ የአየር ፓምፕ ከተትኩ፣ ቮድካውን አቆምኩ። ታንጓ ተረፈች። ሁለት ትንንሽ ዓሦች ግን አልተረፉም።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ያለውን አብዛኛውን ሞክሬዋለሁ። እንግዲህ የማወራችሁ ገንዘብም ዓሣም ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓሦቹ የምንሰጠው ምግብ ዞሮ ዞሮ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። ሁለቱ ሲበዙ ድንጋዩን ጸጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል፤ ደማቁ ኮራል ቡናማ ይሆናል። ገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁለቱንም ይበላሉ፤ ለመባዛት ግን ካርቦን ያጥራቸዋል። ካርቦን ስናቀርብላቸው ይባዛሉ (ቮድካም፣ ኮምጣጤም፣ ፔሌትም የሚሰጡት እሱን ነው)፤ ናይትሬቱና ፎስፌቱ ሰውነታቸው ውስጥ ይገባል። ስኪመሩ ደግሞ እነሱን ከአረፋው ጋር ለቅሞ ያወጣቸዋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ባክቴሪያ በሞላው ጠርሙስ ላይ ነው። እኔ የማስበው በቡሃቃ ነው። ቡሃቃዋ ውስጥ እርሾ የቀረላት ሴት ከጎረቤት እርሾ አትለምንም። የሚጎድላት ዱቄት ነው። ዓመት የሞላው ገንዳም እርሾው አለው፤ ድንጋዩም አሸዋውም በባክቴሪያ የተሞላ ነው። የምንገዛ ከሆነ ዱቄቱን፣ ማለትም ካርቦኑን እንግዛ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሁለት ነገሮች ከሌሏችሁ ከዚህ በታች ካለው አንዱንም አትግዙ። አንደኛው ደህና ስኪመር ነው። ያለ እሱ ባክቴሪያው ገንዳው ውስጥ ይኖርና እዚያው ይሞታል፤ የበላውንም እዚያው ይመልሰዋል። ስኪመሩ አየርም ያስገባል፤ የእሱን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ለናይትሬት እንደ ሳሊፈርት ያለ የቀለም መለኪያ ይበቃል። ለፎስፌት ግን ፈዛዛ ሰማያዊን ከፈዛዛ ሰማያዊ በዓይን መለየት ሥራ አይደለም። የሃና ዲጂታል መለኪያ ግዙ። ፎስፈረስ የሚለካውን ሞዴል ከያዛችሁ፣ የሚያሳየውን ቁጥር በ3.066 አባዝታችሁ ለ1000 ማካፈል አትርሱ። እሱን ዘንግቶ ለሳምንት የተደናገጠ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው እሱ ነው።

ቁጥሮቹን ካገኛችሁ በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የውቅያኖስ ተመራማሪ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ጥናቶች የባሕር ፕላንክተን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን በተወሰነ ምጣኔ እንደሚይዝ አሳይቷል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ምጣኔ በአተም ሲቆጠር 106 ለ16 ለ1 ነው። ወደ እኛ መለኪያ ሲመነዘር 1 ሚሊ ግራም ፎስፌት ሲበላ 10 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሬት አብሮ ይበላል ማለት ነው። የገንዳ ባክቴሪያ ልክ እንደዚህ ባይሄድም ለግምት ያገለግላል።

ናይትሬታችሁ 2፣ ፎስፌታችሁ 0.3 ሚሊ ግራም በሊትር ከሆነ ቮድካ አያዋጣችሁም። ናይትሬቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ፎስፌቱ ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ለእናንተ የሚሆነው ፎስፌትን የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ነው። ናይትሬት 40 ሆኖ ፎስፌት 0.02 ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያው በፎስፌት እጦት ይቆማል። ካርቦን ጥሩ የሚሠራው ሁለቱም ከፍ ሲሉ ነው።

ዜሮ ደግሞ ግብ አይደለም። እኔ ናይትሬትን ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር መካከል ነው የማቆያቸው። ሁለቱ ዜሮ ሲገቡ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ልጋግ የአየር አረፋ ተሸክሞ አሸዋው ላይ የሚነግሥበት ጊዜ ይመጣል። ከአልጌ በአሥር እጥፍ የከፋ ጣጣ ነው።

ቮድካ እና ኮምጣጤ

ርካሾቹ እነዚህ ናቸው፤ ለአብዛኛው ሰው የምመክረውም ከሁለቱ አንዱን ነው። ቮድካው 40 ፐርሰንት የሆነ፣ ምንም ማጣፈጫ የሌለው፣ ከመደርደሪያው ታች ያለው ርካሹ ይሁን። ኮምጣጤው 5 ፐርሰንት የሆነ ነጭ ኮምጣጤ። የፖም ኮምጣጤ አይሆንም። ለጽዳት የሚሸጠው ኮምጣጤ ጠንከር ሊል ስለሚችል መለያውን አንብቡ።

በያዙት ካርቦን ሲመዘኑ 1 ሚሊ ሊትር ቮድካ ከ8 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ጋር እኩል ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ነገር ይወስናል። ትንሽ ገንዳ፣ ለምሳሌ 60 ሊትር ከሆነ፣ የቮድካው መጠን በሲሪንጅ ለመለካት እንኳ ያስቸግራል፤ አንድ ጠብታ ብትሳሳቱ ትልቅ ስህተት ነው። እዚያ ኮምጣጤ ይሻላል። 500 ሊትር ገንዳ ያለው ሰው ደግሞ ኮምጣጤ በየቀኑ በብርጭቆ ማፍሰስ ሊኖርበት ነው፤ አሲድ ስለሆነ ፒኤችን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ወደ ታች ይጎትታል። እዚያ ቮድካ ይቀላል። የኖራ ውሃ የምታንጠባጥቡ ከሆነ ግን ትልቅ ገንዳም ቢሆን ኮምጣጤውን እዚያው ውስጥ ቀላቅላችሁ መስጠት ትችላላችሁ። የኖራ ውሃው ፒኤች 12 አካባቢ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ያለዝባል።

አሁን ወደ አየሩ። የ1 ሚሊ ሊትር ቮድካ አልኮል ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 0.66 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በ26 ዲግሪ ሙቀት 200 ሊትር የጨው ውሃ በጠቅላላው የሚይዘው ኦክስጅን 1.3 ግራም ገደማ ነው። ስሌቱን እናንተ ሥሩት። እርግጥ ከካርቦኑ ከፊሉ የባክቴሪያው አካል ይሆናል፣ ከላይም አየር ይገባል፤ ግን ያኔ ታንጓን ምን ትንፋሽ እንዳሳጠራት ይገባችኋል። ለተመሳሳይ ካርቦን ኮምጣጤ የሚጠይቀው ኦክስጅን በሲሶ ያነሰ ነው። ጀማሪ ለሆነ፣ ስኪመሩም ደከም ላለ ሰው ኮምጣጤ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛውንም ብትመርጡ መብራት ከበራ በኋላ ጠዋት ስጡ፤ ኮራልና አልጌ ኦክስጅን የሚያወጡት ያኔ ነው። ማታ አትስጡ።

መጠኑ? ለ100 ሊትር ቮድካ በቀን 0.1 ሚሊ ሊትር ለ3 ቀን፣ ከዚያ 0.2 እስከ ሳምንቱ መጨረሻ፣ ከዚያ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ከፍ ማድረግ። ናይትሬቱ መውረድ ሲጀምር መጨመሩን አቁሙ፤ ያሰባችሁበት ሲደርስ ግማሽ ያህሉን ቀንሱ። ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኔ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። በቀን 1.5 ሚሊ ሊትር የሚፈልግ ገንዳ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙሱን ለመጨረስ 500 ቀን ይወስድበታል። ከዚህ በላይ ርካሽ ነገር በዚህ ሱስ ውስጥ አላውቅም።

አልኮል ክልክል በሆነበት፣ ለምሳሌ ኩዌት ያላችሁ፣ ምርጫው ያለቀ ነው፤ ኮምጣጤ። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ቤት አረቄ አለኝ፣ ለምን ቮድካ እገዛለሁ?» ብሎ ደውሎልኛል። የቤት አረቄ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ያወጡት እትዬም አያውቁትም። ለእንግዳ አቅርበው አልኩት። ስኳርም የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ይሠራል፤ ግን መጠኑን መያዝ ከባድ ነው፣ አልወደድኩትም።

የተዘጋጁ ፈሳሾች

የሬድ ሲ ኖፖክስ የአልኮልና የአሴቲክ አሲድ ቅልቅል ነው። የትሮፒክ ማሪን ኤሊሚ-ኤንፒም በዚሁ መንገድ የሚሠራ የካርቦን ምንጭ ነው። ሥራቸው ከቮድካና ኮምጣጤ ብዙም አይለይም። የምትከፍሉት ለመለያው ነው፤ በናይትሬታችሁ ልክ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ተጽፎ ይመጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዳውን ባለቤት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት የሚጠብቅላችሁ ከሆነ «በዚህ ክዳን ይህን ያህል» ማለት ከቮድካ ጠርሙስ ጋር ከመተው ይሻላል። ትልቅ ገንዳ ላለው ግን በዓመት ሲደመር ኪስ ይነካል። ሊጠጣ የሚችል መስሎት የሚያነሳው ልጅ ቤት ካለ፣ የትኛውም ቢሆን ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ።

ፔሌት

ባዮፔሌት ባክቴሪያ የሚበላው ፕላስቲክ መሰል ጠንካራ ካርቦን ነው። ሪአክተር በሚባል ፓምፕ ባለው ዕቃ ውስጥ ውሃ እያገላበጠው ይኖራል፤ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ያድጋል፣ ተፍቆ ይወጣል። የሚወጣው ውሃ በቀጥታ ወደ ስኪመሩ አፍ መግባት አለበት። ሲሪንጅ የለም፣ በየቀኑ መለካት የለም። ዓሣ የሚያበዛና ብዙ የሚያበላ፣ ናይትሬቱም ከ40 በላይ የሆነ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

ችግሩ መሪ የለውም። ቮድካ ዛሬ ከበዛ ነገ ይቆማል፤ ፔሌት ግን አንዴ ሥራ ከጀመረ ናይትሬቱ አለቀ ብላችሁ አታዘገዩትም፤ ከፊሉን ማውጣት ነው ያለው። ፓምፑ ከቆመ ደግሞ ፔሌቱ ይጋገራል፣ መሃሉ አየር ያጣል፣ የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ይጀምራል። ያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ መርዝ ነው። መብራት ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ ሪአክተሩን እንዲሁ አታስነሱት። ውሃውን ባልዲ ላይ አፍስሱና ፔሌቱን በጨው ውሃ አጥባችሁ መልሱት። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ፔሌት ለማንም አልመክርም። አብሮት የሚመጣው መመሪያ በሚለው ሙሉ መጠንም አትጀምሩ፤ በሲሶው ጀምሩ።

የባክቴሪያ ጠርሙስ

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነቶች አትቀላቅሉ። ፍሪትዝ ተርቦስታርት 900 እና ባዮ-ስፓይራ አዲስ ገንዳ የሚያስጀምሩ ናቸው። አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት አስቸግሮት እነሱን የሚገዛ ሰው እሳት ለማጥፋት ማገዶ እንደገዛ ነው። የብራይትዌል ማይክሮባክተር7 እና የፕሮዲቢዮ ባዮዳይጀስት ግን በእኛ ጉዳይ የሚገቡት ናቸው።

እነዚህን መቼ ልግዛ ካላችሁ፣ ሦስት ጊዜ። ገንዳው በደረቅ ድንጋይ ተጀምሮ ገና ባዶ ሲሆን። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ተጠቅማችሁ ካበቃችሁ በኋላ። ወይም ካርቦን ለሁለት ወር በትክክል ሰጥታችሁ፣ ናይትሬትም ፎስፌትም እያለ ምንም ሳይንቀሳቀስ ሲቀር። ያለ ካርቦን ብቻቸውን ከተጨመሩ ምግብ የሌለበት ድግስ ላይ እንግዳ መጥራት ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ ስትጨምሩ ለአንድ ቀን አጥፉት፤ አለበለዚያ የገዛችሁትን ራሳችሁ ትገድሉታላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ የሚሸጠው የጀርመኑ ዜኦቪት አለ። የዜኦላይት ድንጋይ በየቀኑ ይነቀነቃል፣ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ይቀየራል፣ ባክቴሪያውና ምግቡ በየጠርሙሱ ለየብቻ ይንጠባጠባል። ቀለሙ ያምራል። በየጠዋቱ ገንዳው ፊት ለመቆም ጊዜ ያለው ሰው ይሞክረው፤ አልካሊኒቲን (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) ግን ከ8 ዲኬኤች ብዙ አያሳልፍ፣ ያኔ የኮራሉ ጫፍ ይቃጠላል። እኔ አራት ወር ቆይቼ ተውኩት።

ጠርሙሱን የምትገዙ ከሆነ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ተርቦስታርት ከማቀዝቀዣ መውጣት የሌለበት ነው፤ መስታወት ዳር ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ባለሱቁ ቢቀንስላችሁም ትታችሁ ውጡ። ባዮዳይጀስት በታሸገ የብርጭቆ አምፑል ስለሚመጣ በዚህ በኩል አያሳስብም፤ ሁለቱን ጫፍ ስትሰብሩ ግን ፎጣ ያዙ። የእኔ አውራ ጣት ላይ ጠባሳው አለ።