በፕሮዲውሰር ስም ፊልም የጠየቅሁበት የደሴ ሱቅ

ደሴ ፒያሳ ላይ ፊልም በፍላሽ ከሚጭኑት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ለሁለት ወር ያህል ደንበኛ ሆኜ ቆይቻለሁ። እዚያ ፊልም የሚጠየቀው በተዋናይ ወይም በአገር ስም ሲሆን፣ እኔ የጠየቅሁት ግን በፕሮዲውሰር፣ ያውም ሲሰ ግራውም ዮርገንሰን በምትባል ዴንማርካዊት ስም ነበር። የሱቁ ልጅ ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ ፕሮዲውሰር ብር የሚያወጣው ሰው አይደል እንዴ?» አለኝ። ስሟን በወረቀት ጽፌለት ሄድኩ፤ በሦስተኛው ቀን ስድስት ፋይል ሰብስቦ ጠበቀኝ።

ሴትየዋ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ላርስ ፎን ትሪየርና ፒተር ኦልቤክ የንሰን ባቋቋሙት ዜንትሮፓ የተባለ የፊልም ኩባንያ ውስጥ በሠራቻቸው ፊልሞች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2020 ከወጡት ሥራዎቿ አምስቱ በኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም (በኋላ ዓለም አቀፍ ፊልም በተባለው) ዘርፍ ታጭተው፣ የሱዛነ ቢር «ሄቭነን» እና የቶማስ ቪንተርበርግ «ድሩክ» አሸንፈዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሽልማት በአገር ስም የሚሰጥና ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው በመሆኑ፣ የፕሮዲውሰሯ ስም ከተመልካች ጆሮ እምብዛም አይደርስም። አምስቱን በተከታታይ ስመለከት የሦስት ዳይሬክተሮች ሥራ መሆናቸውን እስክረሳ ድረስ አንድ እጅ ታየኝ፤ በሁሉም ጨዋ የሚባል ሰው በቤተሰቡ ወይም በአገሬው ፊት ይፈተናል። ለምርጫዋ ያለኝ አድናቆት ከዚህ የመጣ ነው፤ የእሷን ልፋት ባልተፈቀደ ግልባጭ ማየቴ ግን እንደሚያሳፍረኝ አልሸሽግም።

ስለ አገልግሎቱ ሁለት ቅሬታ አለኝ። «ሄቭነን» በዴንማርክኛ «በቀል» ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ኢን ኤ ቤተር ወርልድ» ተብሎ ስለወጣ፣ አንዱን ፊልም በሁለት ስም ጭኖ ሁለት ጊዜ አስከፍሎኛል። «ድሩክ»ን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስናይ ደግሞ ከሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ እየዘገየ፣ በፊልሙ ያሉት መምህራን ስቀው ከጨረሱ በኋላ እኛ መምህራኑ መሳቅ ጀመርን። ተመልሼ ስነግረው ትርፉን ገንዘብ ያለ ክርክር መለሰልኝ፤ ቪኤልሲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ ከፍቶ የጂ እና የኤች ቁልፎችን እያፈራረቀ፣ ዓይኑን ከተዋናዩ ከንፈር ሳይነቅል ጽሑፉን አስተካከለው።

ዋጋው በፊልም ብዛት እንጂ በጊጋ ስላልሆነ ጥራቱ ከፍ ያለውን ቅጂ መጠየቅ ይሻላል፤ ነገር ግን በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል ስለማይቀበል፣ ፎርማቱን አስቀድሞ ማስቀየር ያስፈልጋል።