የአውሮፓ ምክር ቤት የወጣቶች ሥራ ፖርትፎሊዮ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሙያውን ለሚማር ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን የሚለምደው እየሠራ ነው። አንዱ በክረምት በጎ ፈቃድ ይጀምርና ወጣት ማዕከል ውስጥ ይቀራል። ሌላዋ በሶሲዮሎጂ ወይም በሥነ ልቦና ተመርቃ ፕሮጀክት ላይ ትቀጠራለች። ሁለቱም ብዙ ያውቃሉ፣ የሚያውቁትን ግን በወረቀት አስቀምጦ «ይህን እችላለሁ፣ ይህ ይጎድለኛል» ማለት ይከብዳቸዋል። ለዚህ ሥራ በነፃ ከሚገኙት መሣሪያዎች ሁሉ የምናስቀድመው የአውሮፓ ምክር ቤትን የወጣቶች ሥራ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው ራሱን የሚመዝንበትን ሰነድ ነው። ብዙ ሰው ምክር ቤቱን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያምታታዋል። ይሄኛው በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነ፣ 46 አባል አገራት ያሉት ሌላ ድርጅት ነው።

ፖርትፎሊዮው ትምህርት አይሰጥም፣ አይፈትንም፣ የምስክር ወረቀትም አያወጣም። ራስን መመዘኛ ነው። ከወጣቶች ጋር የሚሠራን ሰው ሥራ በ8 ተግባራት ይከፍለዋል፦ የወጣቱን ፍላጎትና ምኞት ማወቅ፣ የመማር ዕድል መፍጠር፣ ወጣቱ የሚኖርበትን ኅብረተሰብ እንዲረዳና እንዲሳተፍ ማገዝ፣ በተለያዩ ባህሎች መካከል ጤናማ ግንኙነት መገንባት፣ የራስን ሥራ መገምገም፣ በቡድን ውስጥ መማር፣ ድርጅትንና ፖሊሲን ለወጣቱ የተሻለ ማድረግ፣ በመጨረሻም ፕሮጀክት ማቀድ፣ ማካሄድና መመዘን። በየተግባሩ ሥር የሚያስፈልገው ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት ተዘርዝሯል። ተጠቃሚው ራሱን ይመዝናል፣ ማስረጃ ይጽፋል፣ የሥራ ባልደረባ አስተያየት ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚማር ያቅዳል።

ትልቁ ጥቅሙ ማስረጃ መጠየቁ ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። «ወጣቶችን በሱስ ዙሪያ አወያይቻለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ስንት ወጣቶች እንደተገኙ፣ ዕድሜያቸው ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ፣ ክፍለ ጊዜው ምን ያህል እንደቆየ፣ ዓላማው ምን እንደነበር፣ ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካ፣ በሚቀጥለው ምን እንደሚቀየር የሚያሳይ አንድ ገጽ ነው። ከጀርባው የክፍለ ጊዜው ዕቅድና የተሳታፊ መፈረሚያ ይያያዛል። ፎቶ ማያያዝ ግዴታ አይደለም። ፊታቸው የሚታይ ከሆነ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጨመራል።

ሁለተኛው ተግባር፣ ማለትም የመማር ዕድል መፍጠር፣ ከሁሉም ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል። ፖርትፎሊዮው ከልምድ መማርን ማወቅህን ይጠይቃል፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያስተምርም። ስለዚህ የትምህርት ተመራማሪውን የዴቪድ ኮልብን ዑደት ከሌላ ምንጭ አንብቦ መምጣት ያስፈልጋል፦ መሥራት፣ በሠሩት ላይ ማሰላሰል፣ ከዚያ ትምህርት ማውጣት፣ ያንን ወደ ኑሮ መልሶ መሞከር። በተግባር ሲተረጎም የ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ለአቀባበል፣ 15 ለማነቃቂያ፣ 30 ለዋናው ተግባር፣ 30 ለውይይትና ማሰላሰል፣ 5 ለመዝጊያ ቢመደብለት ጥሩ ነው። የተለመደው ስህተት ተሳታፊ ዘግይቶ ሲመጣ የባከነውን ጊዜ ከማሰላሰያው ላይ መቁረጥ ነው። ያኔ ወጣቱ ተጫውቶ ይሄዳል እንጂ አይማርም። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከማነቃቂያው ይቆረጥ።

ተሳትፎን በሚመለከተው ሦስተኛ ተግባር ላይ ደግሞ ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ ያዘጋጀውን የተሳትፎ መሰላል አጠገብ ማስቀመጥ ይበጃል። መሰላሉ 8 ደረጃዎች አሉት፣ የታችኞቹ ሦስቱ ግን ጭራሽ ተሳትፎ አይባሉም። ወጣቶችን አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ ስብሰባ ላይ መደርደር ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንድ ሰው ያካሄዳቸውን ፕሮግራሞች በዚህ መሰላል ላይ በቅንነት ቢያስቀምጥ፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ለራሱ የሰጠውን ነጥብ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ይህ የሚያስከፋ ነገር አይደለም፣ መመዘኛው ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

አራተኛው ተግባር እንዳለ ቢወሰድ ለእኛ አገር አይመችም። የተጻፈው የአውሮፓ ወጣቶች ከአገር አገር ሲገናኙና ስደተኛው ከነዋሪው ጋር ሲኖር ታስቦ ነው። ወደ ወሎ ሲመጣ ግን ጥያቄው ራሱ ሀብታም ነው። ደሴ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ተጋብተው፣ በአንድ ዕድር ታቅፈው የኖሩበትን ወግ የዛሬው ወጣት እንዴት ይይዘዋል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተፈናቀሉ ወጣቶች ከነዋሪው ጋር እንዴት ተቀላቀሉ? ኮምቦልቻ ላይስ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሠሩ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሴቶች ከሠፈሩ ጋር በምን ይገናኛሉ? በዚህ መልኩ ተለውጦ ሲሞላ አራተኛው ተግባር ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።

የፋብሪካ ሠራተኞችን ጉዳይ ካነሳን አይቀር፦ ለእነሱ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚጠራ ፕሮግራም ባዶ ወንበር ነው የሚያተርፈው። የፈረቃቸውን ሰሌዳ አስቀድሞ ማወቅ፣ ዕሑድን መሞከር፣ የጁምዓ ሶላትን፣ ረመዳንንና የአጽዋማትን ወቅት ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ተግባር ሥር እንደ ማስረጃ ሊጻፍ ይችላል፣ ምክንያቱም የወጣቱን ፍላጎት ማወቅ ከሰዓቱ ይጀምራል።

ከባዱ ጉድለቱ የወጣቶችን ደኅንነት መጠበቅ ላይ ነው። ሥነ ምግባርን ያነሳል፣ ግን የ15 ዓመት ልጅ ጥቃት ደርሶብኛል ብላ ብትናገር ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚደረግ አይነግርም። ስለዚህ የሚከተለው ተጽፎ ከፖርትፎሊዮው ጋር መታሰር አለበት። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አለመግባት፤ መርማሪ ሆኖ ጥያቄ አለማብዛት፤ የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ በዕለቱ መጻፍ፤ በዚያው ቀን ለተመደበው ኃላፊ፣ ከዚያም ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ማሳወቅ። ጥቃቱ ወሲባዊ ከሆነ የጤና ተቋም ቀዳሚ ነው፣ ምክንያቱም የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። ይህን በቃሉ የማያውቅ ሰው በሌሎቹ ተግባራት የቱንም ያህል ነጥብ ቢሰጥ ከወጣት ጋር ብቻውን ሊሠራ አይገባም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፦ በኢንተርኔት መሙላት ይቻላል፣ ነገር ግን መብራት በሚጠፋበትና ዳታ በሚቆራረጥበት ቦታ ፒዲኤፉን አውርዶ ደሴ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ማሳተም ይሻላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ከ4 እስከ 6 ሆኖ በሳምንት አንድ ተግባር መያዝ፣ በአማርኛ ተወያይቶ እያንዳንዱ የራሱን መሙላት፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማስረጃ መጠያየቅ ጥሩ ውጤት አለው። በዚህ አካሄድ ሁለት ወር ይበቃል። በአንድ ቀን ሙሉውን የሞላ ሰው ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ አስቀምጦ ይነሳል። አለቃና ሠራተኛ በአንድ ቡድን ባይገቡም ይመረጣል፣ ማንም በአለቃው ፊት ድክመቱን አይጽፍምና።

ለማን አይሆንም? ገና አንድም የወጣት ቡድን ይዞ ለማያውቅ ሰው ቶሎ ነው፣ የሚጽፈው ማስረጃ አይኖረውም። ለቅጥር ወረቀት ለሚፈልግም አይሆንም፤ የሥራ ማስታወቂያ የሚጠይቀው ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ የሥራ ልምድና እንደ ደረጃው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ነው። ለሲኦሲ ለሚዘጋጅ ግን በተዘዋዋሪ ይረዳል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ስለሆነ፣ ያደረገውን በማስረጃ ማስረዳት የለመደ ሰው በተግባር ክፍሉ አይደናገርም። ውጭ አገር እሠራበታለሁ ብሎ የሚያስብም ልብ ይበል፦ ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ሙሉ ባለሙያ ተብሎ ለመታወቅ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕውቅና ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ፖርትፎሊዮው ያንን አይተካም።

አንድ ነገር በእጅ መጨመር አለበት። ፖርትፎሊዮው የተጻፈው ለአውሮፓ ነው፣ የ1996 ዓ.ም.ቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ግን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። 16 ዓመት የሆነውን የሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪና 28 ዓመት የሆነችውን የሁለት ልጆች እናት በአንድ ዕቅድ ማስተናገድ አይቻልም፤ ማስረጃው ላይ ዕድሜው ለየብቻ ይከፈል።

ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ሙሉውን ይዞ ለቃለ መጠይቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት የክፍለ ጊዜ ዕቅዶች፣ አንድ የግምገማ ገጽ፣ የባልደረባ አስተያየትና የቀጣዩ ስድስት ወር የመማር ዕቅድ በአንድ ፋይል ቢያዝ ይበቃል።